የአንዱ ደም በሌላው ስም

ለውድ እህቴ ለዙበይዳ፦

አሰላሙ አለይኩም፤ የአላህ ሰላምና ራህመት ጅዳ ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ እታለም? ወገብሽ ተሻለሽ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት፤ እሱም ያንቺ ስም ሲነሳ ይሻላታል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ይህችን ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ እማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

ደሴ ሆጤ በምሠራበት ክሊኒክ የደም መመርመሪያው ማሽን ውጤቱን ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው በሲሪያል ገመድ ነው፤ ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው አንድ በአንድ ይገባሉ። የሚቀበላቸው ቺፕ ግን ሲሠራ ጀምሮ እንከን አለበት፤ ቁጥር ሲደርሰው "መጣ" ብሎ መናገር ሲገባው አንዳንዴ ዝም ይላል። የላብራቶሪዋ አትጠገብ ስክሪኑ በደረቀባት ቁጥር "ጁነይድ፣ ይሄ ጉደኛህ ዛሬም አኩርፏል" ትለኝ ነበር። ቺፑን የሚተካ ስላልተገኘ ድራይቨሩን፣ ማለትም ቺፑን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ እኔው ቀየርኩት። አሁን ድራይቨሩ ቺፑ እስኪናገር አይጠብቅም፤ በየቅጽበቱ ራሱ ሄዶ "መጣ ወይ?" ብሎ ያያል። ሠራ። ሁሉም አመሰገነኝ፤ የኔም ልብ አበጠ።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ! ቁጥሩ ጭራሽ ሲዘገይ ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆንባቸው ብዬ፣ አዲሱ እስኪገባ የመጨረሻውን ቁጥር እንዲያሳይ አደረግሁት። ስሞክረው የራሴን ደም ነበር ደጋግሜ የማስገባው። ሁልጊዜ ያው ቁጥር ስለሚወጣ ስህተቱ እንዴት ይታየኝ?

ባለፈው ሐሙስ አትጠገብ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለት ተከታታይ ሰዎች፣ እስከ ነጥቧ ድረስ አንድ ዓይነት የደም መጠን፤ አስራ ሦስት ነጥብ አራት። አንዱ ጎረምሳ ነው። ሁለተኛዋ ወንጌላዊት የምትባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ "ደምሽ ሙሉ ነው" ተብላ ወደ ገራዶ ተመልሳለች። የማሽኑን የራሱን ማስታወሻ ብናይ የእሷ ሰባት ነጥብ አንድ፣ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስክሪኑ በስሟ ያሳየው የጎረምሳውን ነው። ስልኳ አይሠራም። አለቃችን "አስተካክለውና ዝም በል፤ ካመማት ራሷ ትመጣለች" አለኝ። እኔ ግን ልፈልጋት ወጣሁ።

ገራዶ ሄጄ ቤቷን የሚያሳየኝ ባጣ የቅሬውን ዳኛ ጠየቅሁ፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በእድር የሚያስቀብሩት እሳቸው ስለሆኑ የማያውቁት ደጅ የለም። ስሟን ስጠራ ፊታቸው ጠቆረና "ማን ሞቶባት ነው?" አሉኝ። "እስካሁን ማንም፤ ቶሎ ያሳዩኝ" አልኳቸው።

ወንጌላዊትን ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከንፈሯ ነጥቷል። "ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የኔ ነው" አልኳት። ባሏ ተቆጥቶ ብድግ ሲል በእጇ ያዝ አደረገችው። ያኔውኑ ደሴ ሆስፒታል ወስደን አስተኛናት፤ ደም እየተሰጣት ነው፣ ጽንሱም ደህና ነው ብለዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ልጠይቃት ብሄድ ግን "እኔንስ አገኘኸኝ፤ ሌሎቹንስ?" አለችኝ።

እታለም፣ እኔ ያየሁት የዚያን ቀኑን ብቻ ነበር! ሮጬ ተመልሼ ድራይቨሩን ከቀየርኩበት ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ከማሽኑ ማስታወሻ ጋር አመሳከርኩ። ሌሎች አራት ሰዎች ተገኙ። ሦስቱን ደውዬ ጠራኋቸው። የአራተኛው ወረቀት "ዳምጤ፣ ስልሳ ዓመት፣ ደሴ ዙሪያ" ይላል፤ ስልክ የለውም። ደሙ ስድስት ነው፤ እኛ አስራ አራት ብለን ሰድደነዋል። ድራይቨሩን አስተካክዬዋለሁ፤ ቁጥር ካልመጣ "አልደረሰም" ይላል። ሠራተኞቹ ያማርራሉ፤ ያማርሩ።

ወደ አንቺ ስለመምጣቴ የጠየቅሽኝን ለጊዜው ተይኝ።

እማ ዓይንሽን ትስማለች። ታናሻችን ሚስባህ "ፈተናዬን አለፍኩ በልልኝ" ብሏል። አክስታችን ጣይባም በዱዓዋ አትረሳሽም። አብረውሽ ለሚኖሩት እህቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ነገ ማለዳ ወደ ደሴ ዙሪያ እወጣለሁ፤ መቼ እንደምመለስ አላውቅም። እማ ደውላ "የት ጠፋ?" ካለችሽ ሥራ አላለቀለትም በያት። ውሸት አይደለም፤ አንድ ሰው ቀርቶኛል።

ወንድምሽ ጁነይድ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.