ለእድራችን ቃሬዛ አዲስ ሥራ ላስገኙልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የጎንደር የመንገድ ሥራ ኃላፊ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነውና እግርዎ ሳይርስ እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከአራዳ ቁልቁል ያለነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበታችን በላይ ደኅና ነን።

ሐዲጃ እባላለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ወሬም አበዛለሁ። ዘንድሮ ግን የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ስለምጠብቅ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ በዚሁ ደስታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አምና መንገዳችንን አስፋልት አልብሰው ከደጃፋችን በአንድ ክንድ ከፍ ስላደረጉት እናመሰግናለን። ከሥሩ የቀበሩት የድሮው የድንጋይ ቦይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ነበር፤ በምትኩ ባስገቡት ቱቦ የእኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንኳ አያልፍም። ጎርፉ መቼም ተማሪ አይደል፣ ተሰልፎ ተራውን አይጠብቅም፤ በሱቄ በኩል ይሄዳል።

2ኛ. አባቴ ሱቁን ሲሠራ፣ ቦዩ የሚሞላበትን ዓመት አስቦ ደጃፉ ላይ ውሃ የሚመልስ የድንጋይ መከታ ገንብቶ ነበር። መከታው የመንገድ ወሰን ገብቷል ተብሎ ፈረሰ፤ በቦታውም «ጎርፍን የሚቋቋም ከተማ እንገንባ» የሚል ጨርቅ ተሰቀለልን። ነክቼ አየሁት፤ ሸጋ ጨርቅ ነው፣ ውሃ አያስገባም።

3ኛ. ልጄ ሪሃና ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። ሐኪሟ ምጥ እንደጀመራት ሆስፒታል እንድትደርስ አዟል። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ኢልያስ ግን ዝናብ ካለ እሱን እንዳልጠራው፣ ይልቅ ጣና ዳር ጎርጎራ ደውዬ ጀልባ እንዳስመጣ መክሮኛል። አልፈርድበትም፤ ባለፈው ሐሙስ ባጃጁ ውሃው መሀል ጠፍቶበት ከነተሳፋሪው ገፍተን ነው ያወጣነው። ስለዚህ እድራችን ተሰብስቦ፣ ዝናብ ከጣለ ሪሃናን አራት ጎረምሶች በቃሬዛው ተሸክመው እንዲያሻግሯት ወሰነ። ያለን ቃሬዛ አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ የሸኘንበትም ሬሳ ነው። ልጄ ውሳኔውን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች። ተከትያት አልገባሁም።

ሦስት ጊዜ ብናመለክት ሦስት ጊዜ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ደርሶናል፤ ማኅተሙ በጣም ያምራል። የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቦዩን ብቻ ይክፈቱልን። ባጃጅና ሰው የሚያሻግር ከፍ ያለ ድልድይ ለከርሞ ይሁን፤ ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየከበደ እንደሚሄድ በስብሰባ የነገሩን እርስዎ ነዎት።

በጤናዎ ላይ ጤና፣ በፎቅዎ ላይ ፎቅ እንዲጨመርልዎ የምትመኝ፣ ከጉልበቷ በላይ አክባሪዎ፣
ሐዲጃ
ጎንደር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይህን ልረሳው ነበር፦ የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ጎረቤታችን አያ አብዱልጀሊል ከአልጋ ከዋሉ ወር ሆኗቸዋል። የቃሬዛውን ነገር ሲሰሙ፣ መጀመሪያ ሪሃና ትጠቀምበት፣ እኔ አልቸኩልም ብለው ወደ እድሩ ልከዋል። አያ አብዱልጀሊል የሚችሉትን አድርገዋል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።