ከበሮው በሁሉም ዘንድ ክብ ይሁን

ለውድ ባለቤቴ ለአስካለ፤

በሞት ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። እኔ ማማረር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በአቋቋም ትምህርት ቤት ቁራሽ ለምኜ፣ ከውሻ ጋር ታግዬ፣ በደባርቅ ብርድ በአንድ ደበሎ አድሬአለሁ፤ አላማረርሁም። ዜማ በሳትሁ ቁጥር አለንጋ አርፎብኛል፤ ጀርባዬን አሽቼ ደግሜ ቆምሁ እንጂ አላማረርሁም። አንቺ ኮምፒውተርን ሥዕል ልታስተምሪ ባሕር ማዶ ስትሻገሪ፣ የልጃችንን የማርታን ፀጉር በዚህ በመቋሚያ እጄ እየጎነጎንሁ ትምህርት ቤት ልኬአለሁ፤ የአራዳ ሴቶች ሣቁብኝ፤ አላማረርሁም። ካንቺ ወዲህም ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ይጓጉላል፤ እበላዋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር አማርራለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ሳታዪ መሄድሽን።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራው ታድሷል። በፀዳ ያለውን ቦታችንን ዙሪያውን ቤት ሞልቶታል፤ ድንበሩ ግን አልተነካም። ማርታ በአንቺ ሙያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿም ይፈሯታል፤ በዚህ እኔን መስላለች። በዚህ ወር ሣጥንሽን ከፍታ ያኔ በባሕር ማዶ በኮምፒውተር የሣልሽው የከበሮ ሥዕል ያለበትን ዲስክ አወጣች። ባልደረቦቿ ግን የዚያ ዘመን ሥራ ዛሬ አይከፈትም፣ ማሽኑም ሠሪውም የለም አሏት። ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። አንቺ እነዚያን ዓመታት የሰጠሽው ማሽኑ ቢያልፍ ሥዕሉ እንዳያልፍ ነበር። ካልተከፈተ፣ ልጃችን ያለ እናት ያደገችበት ዘመን ምን ሊባል ነው?

ያኔ እያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ትእዛዝ ብቻ ይሰማ እንደነበር፣ በአንዱ ክብ የተሣለው በሌላው እንቁላል ይሆን እንደነበር ጽፈሽልኝ ነበር። ሁሉም የሚገዛበት አንድ ሥርዓት ልታወጡ ተሰብስባችሁ ነበር። እኔም የዜማው ምልክት ባይኖር የየደብሩ ዜማ በየራሱ ይሄድ ነበር ብዬ መለስሁልሽ። ለመፈተኛ ሌሎቹ ኳስና ኩባያ ሲሥሉ አንቺ ከበሮ መረጥሽ፤ ልኩንም ላክልኝ አልሽ። በሜትር አላመንሁምና ሰፊውን አፍ፣ ጠባቡን አፍና ቁመቱን በፈትል ለክቼ፣ ፈትሉን በየጫፉ ቋጥሬ ፖስታ ቤት ወሰድሁት። ሠራተኛው አስከፍቶ የተቋጠረ ክር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«አያ መሪጌታ፣ መስተፋቅር በመንግሥት ፖስታ ይላካል እንዴ?» አለኝ።

የከበሮ ልክ መሆኑን ባስረዳው፣ «እሱንማ ሁሉም እንዲያ ይላል» ብሎ ቴምብሩን መታ። ታሪኩን ጽፌ በላክሁልሽ ጊዜ፣ «መድኃኒቱ ሠርቷል የኔታ፤ ሌላ አይላኩብኝ፣ ሥራ አላሠራ አለኝ» ብለሽ መለስሽ። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ለብቻዬ እስቅበታለሁ።

ሥዕሉ ሲወጣ ጠባቡን አፍ ወደ ፊት አድርገሽው ኖሮ፣ ባልደረቦችሽ ስሕተት አገኘን አሉ። ቅርቡ ሰፍቶ ሩቁ ጠብቦ መታየት ሲገባው ተገልብጧል ብለው ስሌትሽን ሲበረብሩ ሰነበቱ። የከበሮ ሁለት አፍ እኩል እንዳልሆነ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። አንቺ ሻይሽን እየጠጣሽ አየሻቸው፤ ከደከሙ በኋላ ነገርሻቸው። ምነው ቀድመሽ ዝም አልሽ ብዬ ብጠይቅ፣ «ስሌቴን በነጻ የሚፈትሽልኝ ከየት አገኛለሁ?» አልሽኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ማርታ የሥርዓታችሁን መጽሐፍ ከሣጥንሽ አውጥታ፣ የዲስኩን ትእዛዞች በእሱ እየተመራች አንድ በአንድ ለዛሬው ማሽን አስነበበች። የማሽኑ ማያ መጀመሪያ ባዶ ሆነ። ባልደረቦቿ ተያዩ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ መቋሚያዬን ግን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። ከዚያ ጠባቡ አፍ መጣ፣ ቀጥሎ ሰፊው፣ በመጨረሻም ጠፍሩ መስመር በመስመር ተዘረጋ። ተነሥቼ ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ የሰፊውን አፍ አግድሙንም ቁመቱንም ለካሁ።

«አባባ፣ ስክሪኑን በክር አይፈትጉብኝ» አለች ልጅሽ።

እኩል ነው። ማርታ በስልኳ ከፈተችው፣ ባልደረቦቿም በየማሽናቸው ከፈቱት፤ በሁሉም ዘንድ ክብ ነው። ልጅሽም፣ «እማዬ ያኔ የት እንደነበረች አሁን አየሁ» አለችኝ። ይህን መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።

እስካለሁ ድረስ በስምሽ ሳልቆም ማኅሌት አላድርም። ከእኔ በኋላ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ያን በፈትል የለካሁትን ከበሮ ለደብራችን የአቋቋም ተማሪዎች ሰጥቻለሁ፤ ይምቱት እንጂ አይስቀሉት። ሥዕልሽንና የሥርዓቱን መጽሐፍ ለልጃችን ለማርታ አወርሳለሁ፤ ለጠየቃት ሁሉ እንድትሰጥ፣ በማንም ላይ እንዳትቆልፈው አደራ ብዬ።