ሦስተኛውን ማንም እንዳይነካው

እናት ዓለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ክረምቱስ አልጠናብሽም? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ለዚህ ነው መጻፌ። ኡስማን የሚባል ያገር ልጅ ወደዚያ ሲመለስ ያደርስልሻል፤ እህቴ ናጃት ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

የዩኒቨርሲቲው ጣሪያ ላይ ሶላር እንደምወለውል ነግሬሽ የለ? የሪያድ አቧራ በሦስት ቀን መስታወቱን አመድ ያስመስለዋል። ጋዳ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ አቧራ የማይዝ ቅብ ሠርታ ዓመት ሙሉ ስትፈትን ነበር። አንዱን ሶላር ቀባችው፣ ሁለተኛውን እኔ በየጠዋቱ እወለውላለሁ፣ ሦስተኛውን ለማወዳደሪያ ማንም እንዳይነካው አለች። ከዚያ የሦስቱን ኃይል እየለካች ትመዘግባለች።

የአረፋ ለት ደወልኩ፤ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ጫጫታው አላሰማ አለን። ናጃትም ኋላ ደውል ብላ ዘጋችው። ብቻዬን ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ያ ሦስተኛው አቧራውን ለብሶ ተቀምጧል። ለአረፋ እኛ ቤት ያልታጠበ ነገር አለ እንዴ? ከሄድኩ ወዲህ አልጋዬን ስድስት ዓመት ማንንም አላስነካሽም አሉ፣ እሱ ትዝ አለኝ። ሳላስበው ወለወልኩት።

የሦስተኛው ቁጥር በአንድ ቀን ዘለለ። ጋዳ መለኪያው ተበላሽቷል፣ የዓመቱ ልፋቴ አይታመንም፣ ከሀ ልጀምር ነው ብላ አለቀሰች። ከሀ ከጀመረች እኔም ሌላ ዓመት እወለውላለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም ይታደሳል። ወላሂ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ለቅሶዋ ግን ሰላት ላይ ቆሜም አልለቀኝ አለ።

የወለወልኩት እኔ ነኝ፣ አረፋ ስለሆነ ነው አልኳት። ትጮህብኛለች ስል ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ። እዚህ ሁሉም ያ ሐበሺ እያለ ነው የሚጠራኝ። መዝገቡ ላይ ከቀኑ ጎን ጻፈችው። ምክንያቱ ስለታወቀ የቀረው ቁጥር ሁሉ ዳነ።

ትናንት ውጤቱ ወጣ። ቅቡ ሠርቷል፤ ጣሪያው በሙሉ ሊቀባ ነው፣ ከእንግዲህ የሰው እጅ አያስፈልገውም። ጋዳ ተምር ይዛልኝ መጣች። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። ለማን ልንገረው ብዬ ነው ላንቺ የጻፍኩት።

ኢቃማዬ ጳጉሜ ላይ ያልቃል፣ ሥራው ከሌለ አይታደስም። ይህን ለጎረቤት አታውሪ፣ ስለ እኔም አትጨነቂ። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ከዓይንሽ ብርሃን አይጉደል። ፀሐይ የወጣ ቀን ናጃት አልጋዬን ታውጣና ፍራሹን ታራግፈው። እንዳትከለክያት።

ልጅሽ