ከባዱ ሽርጥ

ለምወድሽ ልጄ ለብሩክታዊት፣ የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ናትናኤልስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽ ብቻ ከአውቶቡስ የምትወርድ ሴት ሁሉ አንቺን ትመስላታለች።

ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። እኔን ጎኔን ቢወጋኝ ደብረ ታቦር ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ ክፉ ነገር የለም ብለውኛል። የአንቺው ሙያ ነውና ሁሉን ሳይ ነበር። የሚያነሣኝ ልጅ ከግድግዳ ኋላ ሲገባ «ምን አሸሸህ?» ብለው፣ «አባ፣ ጨረሩ ለእርስዎ የአንድ ቀን ነው፤ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነን» አለኝ።

ይኼኔ «ጨረር የሚከለክለው የእርሳስ ሽርጥ ከበደኝ፣ ሲሞቀኝ ሰቅዬው እሠራለሁ» ብለሽ የጻፍሽልን ትዝ አለኝ። ልጄ፣ እኔንም ስቀድስ ላብ ያጠምቀኛል፤ ግን ልብሰ ተክህኖዬን አውልቄ መቅደስ ገብቼ አላውቅም።

እናትሽ ትናንት አንቺን ያዘለችበትን አንቀልባ አውርዳ ቅቤ ስትቀባው አገኘኋት። «ለምንሽ ነው?» ብላት፣ «ቆዳው እንዳይደርቅ ነዋ» አለችኝ። ከሠርግሽ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ናት። ለማን እንደምታቆየው ታውቂዋለሽ።

ናትናኤልን ሰላም በይልኝ። እመቤታችን በጥላዋ ትከልልሽ። አደራሽን፣ ሽርጡን አትስቀዪው።

አባትሽ ቄስ ጥጋቡ፣ ከቤተ ልሔም