ዋሽንግተን እስኪወስን ስለተቆለፈው የሰቆጣ መጋዘን

ለተከበሩ አቶ ጌታሰው፣ የዕርዳታ መጋዘን ኃላፊ
ሰቆጣ

ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ በር የጸና ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሜ በከተማው የሚወራብኝን ላርም። «ሀሚዳ አሜሪካን ከሰሰች» የሚባለው ሐሰት ነው። ባለፈው ሳምንት ለእርስዎ ባስገባሁት ማመልከቻ ግርጌ «ግልባጭ፦ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ብዬ ጻፍሁ እንጂ ክስ አልመሠረትሁም። ጉዳዩ እዚያ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ ግልባጭ እንደሚደረግ ደግሞ በአለንጋ ጭምር የተማርሁት ነው።

ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ። ከአበርገሌ ተፈናቅላ ግቢዬ የተጠለለችውን፣ ውዴ የምትባለውን እናት ይዤ፣ ለልጇ ለዓይናዲስ ከአሜሪካ የመጣውን አልሚ ዱቄት ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ፣ ወንበር ሳይሰጡን ግማሽ ሰዓት ያህል የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አብራሩልን። ኮንግረስ ለዕርዳታ የፈቀደውን በጀት ፕሬዚዳንቱ አልለቅም ማለት ይችላል ወይ፣ ቢልስ ማን ይከሰዋል፣ ክርክሩ ሳያልቅ የበጀት ዓመቱ ቢያልቅ ገንዘቡ ይተርፋል ወይስ ይሞታል፤ ይህ ሁሉ ገና አልለየለትም አሉን። «እትዬ፣ ነገሩ ሕገ መንግሥታዊ ስለሆነ ይታገሡ» በማለትም ደመደሙ። ውዴ ፍርድ ቤቱ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ጠየቀችዎ፤ ልጇን አዝላ ልትሄድ። እርስዎ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩. ክርክሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቅሬያችን፣ ሐዘንተኛን በምንረዳበት ማኅበር፣ አባላት ለለቅሶ ቤት እህል ይሂድ ብለው ከወሰኑ በኋላ፣ የቅሬው መሪ፣ ዳኛው፣ «እኔ አልተስማማሁም» ብሎ እህሉን እቤቱ ቢያስቀር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ በዚያው ቀን ከዳኝነቱ ያወርደዋል። የአሜሪካ የሕግ ሊቃውንት በዚህ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ አልገባኝም፤ ቢሆንም የቤታቸው ጉዳይ ነውና ልተወው።

፪. እነርሱ የሚከራከሩት ከካዝና ስላልወጣ ገንዘብ ነው። የእርስዎ ዱቄት ግን ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የወልድያን መንገድ ጨርሶ ሰቆጣ ገብቷል። መጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አይጦቹ ውሳኔውን እየጠበቁ አይደለም።

፫. እንዳይከፈት የሚያዝ ደብዳቤ ካለ እንዲያሳዩኝ ለምኜዎት ነበር። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ የለም፣ ነገር ግን ክፈት የሚልም አልደረሰኝም ብለው መለሱልኝ። ለግልጽነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሕፃኗን የከለከላት ዋሽንግተን ሳይሆን የእርስዎ ፍርሃት መሆኑን ከማንም ሊቅ ይልቅ አስረድተውኛል።

፬. የዓይናዲስ ክንድ ሲለካ መለኪያው ከባድ የምግብ እጥረትን በሚያሳየው ቀይ ላይ ቆሟል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ለሩቅ አገር ሕግ ያለዎትን ጥንቃቄ እያደነቅሁ፣ የቅርቡን ሰው ለማየት ዓይንዎ እንዲበራ ዘወትር የምለምን፣

ሀሚዳ ዓብዱረሕማን
ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ነገ ገበያ ነው። መጀመሪያ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ እሰግዳለሁ። ከዚያ የሱቃችንን ሚዛን አሸክሜ፣ ከውዴ ጋር በርዎ ላይ እገኛለሁ። ገበያተኛው ሲያልፍ ዓይናዲስን እመዝናታለሁ፤ ክብደቷንም ከነቀኑ በብረት በሩ ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። ቁጥሩን የሚያጠፋ ሰው ከመጣ፣ ማን እንዳዘዘው በጽሑፍ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።