እናታችን ያለችውና አንተ የተረጎምከው

አዋሳ፣ የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምሴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? እናታችን ደህና ናት፤ የቱላው እንሰትም ደህና ነው። እኔ ግን ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ይህን የምልክልህ በሽበሺ እጅ ነው፤ እሱም እንዳንተ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ዩጎዝላቪያ ሊሄድ ነው። በፖስታ ቢሆን ኖሮ ግማሹን አልጽፈውም ነበር።

ድንበር ተሻግረህ ትሪየስቴ ከተማ ስላየኸው ቴአትር አራት ገጽ ጽፈህልኛል። ጣልያን አገር የሚኖሩ ስሎቬኖች በገዛ ቋንቋቸው እንደሚጫወቱ፣ ፋሺስቶች የባህል ቤታቸውን ቢያቃጥሉባቸውም ቋንቋቸውን ከመድረክ እንዳላወረዱ፣ ጣልያኖቹም እንዲከተሉ ታሪኩ በወረቀት ታትሞ እንደሚታደላቸው። "ታቢታ፣ ስሎቬኑም ጣልያኑም አንድ ቦታ ላይ አብረው ሳቁ፤ እኔ ግን አለቀስኩ" ብለሃል። አለቀስክ? ለባዕድ የሚሆን እንባ ከነበረህ ለራስህ እናት ጊዜ የት ደብቀኸው ነበር?

ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ጥቅምት 1977፣ የቀበሌው አዳራሽ። ታምሩ ከተወሰደ አምስት ወሩ ነበር። ታናሽ ወንድማችን ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከቱላ ገበያ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወሰዱትና አሥራ ስምንት ብለው መዘገቡት። አንተ የኪነት ቡድኑ መሪ ነበርክ። በሲዳምኛ የምንጫወተውን ጓዶቹም እንዲሰሙት፣ በቤተ ክርስቲያን ለሰባኪው እንደሚደረገው ከተዋናዩ ጎን ቆሞ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መመለስን ያመጣኸው አንተ ነህ። ያኔ ኮርቼብህ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ልጇን በደስታ ወደ ጦር ሜዳ የምትሸኘውን እናት የምትጫወተው አስካለ ታመመችና እናታችንን አስገባሃት። ቃሉን ሳምንት ሙሉ አስጠናሃት። መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ጥናቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ጓዶች ዞራ፣ "ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ያጠባሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜውን ከእናንተ መዝገብ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። መልሱልኝ" አለች። ሲዳምኛ የሚሰማ ሁሉ አለቀሰ። አንተስ? በቃልህ የያዝከውን ጽሑፍ አነበነብክ። "ልጄን ለአብዮታዊት እናት አገሬ በደስታ ሰጥቻለሁ፤ ሌላም ቢኖረኝ እጨምር ነበር።" ሌላም ቢኖረኝ! ሌላው ልጇ አንተ አልነበርክም?

ጓዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ሕዝቡ ያለቀሰው በአብዮታዊ ስሜት መሰላቸው። ከአዳራሹ ሙሉ ሰው እውነቱን የነገራቸው አንድም አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። በዚያ ጭብጨባ ነው አውሮፕላን የተሳፈርከው።

እናታችን አማርኛ አታውቅም። ያጨበጨቡት ልመናዋን ሰምተው መሰላት። አንደኛው ጓድ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለት እጇን ጨብጧት አልነበር? እሱን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረችው። የመጀመሪያው ዙር ሠላሳ ወሩን ጨርሶ ኅዳር ላይ መመለስ ሲጀምር፣ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደች አውቶቡስ ስትጠብቅ ከረመች። የጎረቤታችን የብዙነሽ ልጅ መጣ። ታምሩ የለም፤ ደብዳቤም የለም። "ትልልቆቹ ሰዎች ቃል ገብተውልኛል" ትላለች ላገኘችው ሁሉ። አማርኛ የሚሰማው ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

"ብተረጉመው ኖሮ ያስሯት ነበር" ትለኝ ይሆናል። አውቃለሁ። የምጠይቅህ እሱን አይደለም። ቤት ስንገባ፣ ወይም ከመሄድህ በፊት በነበሩት ስምንት ወራት፣ አንድ ቀን "እማዬ፣ ያልሽውን አልነገርኩልሽም" ማለት ምን አቃተህ?

ትናንት እሁድ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ደስታ ያው ቴአትር ይደገም ተባለ። እናታችን እኔው ካልተጫወትኩ ብላ ድርቅ አለች። "ለምን እንደዘገየ እጠይቃቸዋለሁ" አለችኝ። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። እንዳለችው ካልተረጎምኩማ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ነበር የወጣሁት፤ አንተን ላሳፍርህ። እሷም ወደ ፊት ወንበሩ ዞራ፣ "ቃል ገብታችሁልኝ ነበር። ልጄ የታለ? ሞቶም እንደሆነ ንገሩኝ፣ ላልቅስበት" አለች። ጓዶቹ እስክተረጉምላቸው ፈገግ ብለው እኔን ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። "ልጄን ለአብዮታዊት እናት አገሬ በደስታ ሰጥቻለሁ" አልኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

አጨበጨቡ። አንዱ መጥቶ "ጀግና እናት!" አላት። እጄን ያዝ አድርጋ "ምን አለ?" አለችኝ። አንተ እንኳን ይህን ያህል አልሄድክም፤ እኔ "እየፈለግነው ነው፣ በቅርቡ ይመጣል አለ" አልኳት። በደስታ ሳመችኝ።

ይኸው ዛሬም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን ከትናንት ወዲህ መለየት አቅቶኛል። ብቻ ና። ትምህርትህን ጨርሰህም ሆነ ሳትጨርስ ና፤ ሁለታችንም አጠገቧ ተቀምጠን እንንገራት። እኔ ብቻዬን አልችልም። እስከዚያው ስለ ሰው አገር ቴአትር አንዲት መስመር እንዳትጽፍልኝ።

አሁን አጠገቤ ናት። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ላንተ መሆኑን ስትሰማ ምርቃቴን ጻፊለት አለች። እኔና አንተ ደብዳቤ መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነውና፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ መልሼዋለሁ፦

"ልጄ ደምሴ፣ ልመናዬን ለትልልቆቹ ሰዎች ያደረስክልኝ አንተ ነህ። እግዚአብሔር አፍህን ይባርከው። ታምሩ ሲመጣ፣ ወንድምህ ነው ያስመለሰህ ብዬ እነግረዋለሁ።"

እህትህ ታቢታ