ከጥጉ ላይ ያነሳሁት ወንበር

ዓርብ፣ ጁን 30

ጠዋቱን ሙሉ ድስት ስፈትግ። ሁለቱም የጋዝ ሲሊንደሮች ተሞልተዋል። በቆሎ አለ፣ ስኳር አለ። የተጎታቹ የግራ መብራት አይበራም። ድዊ «ነገ እሠራዋለሁ» አለ። ወንድሜ ነገ ካለ ሳምንት ማለቱ ነው።

ማክሰኞ የነጻነት ቀን ሰልፍ፣ ሊንደን ክሪክ። ከሚልዋኪ ሃያ አምስት ደቂቃ ናት፣ ግን ሌላ አገር ነው የሚመስለኝ። እኔ የደቡብ ሰፈር ልጅ ነኝ። የበዓል ኮሚቴያቸው ዘንድሮ ለሙከራ ብሎ ለአምስቱም በዓላቸው ቦታ ሰጥቶኛል። የጁላይ ሰልፍ፣ የኦገስት የቤተ ክርስቲያን ባዛር፣ የፖም ቀን፣ የሃሎዊን ከረሜላ፣ የገና ገበያ። በኖቬምበር ተሰብስበው «ቀጥይ» ወይም «እናመሰግናለን» ይላሉ። ቀጥይ ካሉኝ ከስታዲየሙ በር እገላገላለሁ። እዚያ ስድስት ፈንዲሻ ሻጭ ተደርድረን አንዳችን የሌላውን ጭስ ስንውጥ ነው የምንውለው። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሳንባዬም በቃኝ እያለ ነው።

ሰኞ፣ ጁላይ 3

ቦታውን ልናይ ሄድን። መንገዱ ዳርና ዳር ወንበር ብቻ። ከቅዳሜ ጀምሮ አውጥተው፣ አንዳንዱም በገመድ አጥረው ቦታ ይይዛሉ። ጠባቂ የለ፣ የሚነካ የለ።

«በእኛ ሰፈር ቢሆን» አለ ድዊ፣ «ዛሬ ጠዋት ገመዱ ብቻ ነበር የሚቀረው። እሱም ካልተሸጠ።»

ማክሰኞ፣ ጁላይ 4

የተሰጠኝ ቦታ ዛፍ ሥር ሆነ። ቅርንጫፉ እሳቱ ላይ ወርዷል። እዚያ ድስት መጣድ አይቻልም። ዋናው መንገድ ከወፍጮ መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ግን ንፋሱ ጥሩ፣ ሰውም ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ዘጠኝ ወንበር በመስመር ተዘርግቷል። ስምንቱ ሰው አለባቸው። የመጀመሪያው ባዶ ነው። አረንጓዴ፣ አሮጌ፣ ሽመናው የላላ።

ሰልፉ ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ካናቴራ የለበሰውን ሰውዬ ጠየቅኩት።

«ለዚህኛው የሚመጣ ሰው አለ?»

«የሚመጣ… የለም» አለ። ጫማውን እያየ።

አጠፍኩት። ከኋላ ካለው የብረታ ብረት መደብር ግድግዳ ጋር አስደግፌ ድስቴን በቦታው ጣድኩ። ማንም ምንም አላለም። አንዲት ሴት ብቻ «እንግዲህ…» አለች፣ እዚያው ቀረ።

ማርሽ ባንዱ አለፈ፣ ትራክተሮቹ አለፉ፣ ልጆቹ ከረሜላ ለቀሙ። ከድስቴ አጠገብ ሁሉም ሳቅ እያለ ያልፋል። «ሽታው ደስ ይላል!» «ቁርስ በልተን ነው የወጣነው!» አንድ ልጅ ብቻ ገዛ። በጁላይ አራት! የዓመቱ ትልቁ ቀን ይሄ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 8

ምን ይሆን? ሙቀቱ? የሎሚ ጭማቂ የሚሸጠው ሰውዬ ግን ወረፋ ነበረው። ዋጋዬም ከማንም አይበልጥም። አልገባኝም።

እሑድ፣ ኦገስት 13

ባዛሩ። ዛሬ ዘዴ ቀየርኩ። በትንንሽ ኩባያ አድርጌ በነጻ ማዞር።

አልወሰዱም። በነጻ! «ኧረ ለሌላ ሰው ይሁን።» «አሁን ገና በላን።» «በጣም ጥሩ ነሽ፣ ግን ይቅርብን።» ሁሉም በፈገግታ።

ሰድበውኝ ቢሆን መልሴን አውቃለሁ፤ ስታዲየም በር ላይ ያደገ ሰው ስድብ አያጣም። ፈገግታን ግን ምን ታደርጊዋለሽ? ፊት እየነሱኝ ነው። ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።

ዓርብ፣ ኦገስት 18

ከድዊ ጋር በየዓርቡ የሚጠበሰውን ዓሣ ልንበላ ሊንደን ክሪክ መጠጥ ቤት ገባን። ሰዎቹን ላጥናቸው ብዬ ነው። እሱ ቢራ ሊያመጣ ሄዶ ከአሳላፊዋ ጋር ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሮክሲ፣ ያን አረንጓዴ ወንበር አስታወስሽው?»

«የቱን?»

«ያነሳሽውን።»

ባለቤቱ ሐርላን ቤንኪ የሚባል ሰው ነበር። መደብሩም የሱ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሰልፉን ከዚያ ጥግ ነው ያየው። ማርች ላይ ሞተ። ወንበሩን ያወጣችው ሚስቱ ማርሊስ ናት። ማርሊስ ማን ናት? የበዓል ኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ያስደገፍሽው ደግሞ የገዛ ሱቁ ግድግዳ ላይ» አለ ድዊ። «እሱን ጨምረሽ ነው ጉድ የሠራሽው።»

«ታዲያ ስምንት ሰው እዚያ ተቀምጦ አንድ እንኳ ‹ተዪው› የሚል ይጥፋ?»

«ይሉኝታ ነዋ።»

«ይሉኝታቸው እኔን ከሚገድል አንድ ጊዜ ቢጮሁብኝስ?»

«መጮህማ ለዘመድ ነው» አለ፣ ዓሣውን እየቆረሰ።

እሑድ፣ ኦገስት 20

ማርሊስ ቤት ሄድኩ። ነገር ሲቆይ ይበላሻል። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀጥ ያለች፣ ሹራቧ በኦገስት ሙቀትም ተቆልፏል።

«ወይዘሮ ቤንኪ፣ ስለ ወንበሩ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አላወቅኩም ነበር።»

«ኧረ እሱንማ! ምንም አይደል። እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ።»

የሎሚ ጭማቂ ሰጠችኝ። በመጋገሪያ ትሪ ኬክ አድርጋ አሸከመችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። አለቀ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 16

አላለቀም።

የፖም ቀን፣ ፀሐይ፣ ሕዝብ እንደ ጉንዳን፣ የኔ ድስት ፊት ግን ሜዳ። ማታ ለድዊ ነገርኩት።

«ስንት ደቂቃ ቆየሽ እሷ ጋ?»

«ሰባት።»

«ሰባት!» ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ‹ልሂድ› ካልሽ በኋላ እኮ ነው ጨዋታው የሚጀመረው። እናታችን በር ላይ አርባ ደቂቃ ቆማ ስታወራ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ያለቀስነውን ረሳሽው? ‹ምንም አይደል› ስትልሽ አምነሽ ወጣሽ?»

«ምንም አይደል ካለች…»

«ትሪዋንስ መለስሽላት?»

ትሪው። መደርደሪያዬ ላይ ነው። አንድ ወር ሊሞላው።

«ባዶውን እንዳትወስጂ ብቻ» አለ።

ነጋዴ ነኝ እላለሁ። ሰው ሲገዛም ሲተውም ከዓይኑ አነባለሁ እላለሁ። ይሄን ግን ሳላነበው አለፈኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ትሪውን በስኳር በተጠበሰ ኦቾሎኒ ሞልቼ ሄድኩ። ተቀመጥን። ስለ ወንበሩ አላነሳንም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እህቷ ልጅ ሰርግ፣ የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ እንዴት እንዳዋረደን ተጫወትን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቴን መታ መታ አድርጌ «እንግዲህ… ልሂድ» አልኩ። ተነሳን። በሩ ላይ ስለ ቅጠሉ አወራን። ደረጃው ላይ አሸንዳውን የሚጠርግላት ሰው እንደጠፋ ነገረችኝ። መኪናው ጋ ደረስን። ገብቼ መስኮቱን አወረድኩ። ሞተሩን አላስነሳሁም።

እጇን ጣሪያው ላይ አሳርፋ ቆመች።

«ወንበሩን ለሐርላን አልነበረም ያወጣሁት» አለች። «መሞቱን አውቃለሁ። ያረጀሁ እንጂ ያበድኩ አይደለሁም። ጋራዡ ውስጥ ዘጠኝ ወንበር አለ። በየዓመቱ ዘጠኙንም ነው የምናወጣው። ስምንቱን አውጥቼ አንዱን ብቻውን እዚያ ጨለማ ውስጥ መተው… አቃተኝ።»

«ጠይቄ ነበር» አልኩ። «በደንብ ግን አልጠየቅኩም። የምፈልገውን መልስ ሳገኝ አቆምኩ።»

«የመለሰልሽ ከርት ነው፣ የወንድሜ ልጅ። የሚነድ ቤት ውስጥ ይገባል፣ አንዲትን ሴት ‹ተዪ› ማለት ግን ይፈራል።» ሳቀች። ወዲያው ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። «ተናድጄብሽ ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት።»

«ልክ ነዎት።»

«አውቃለሁ ልክ ነኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ወጣሁ። ስለ ኮሚቴው አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም። ማንሳት ነበረብኝ? አይመስለኝም። እንዲያ ቢሆን ኦቾሎኒው ጉቦ ይሆን ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ድዊን ልኬ አሸንዳዋን አስጠረግኩ። እያጉረመረመ ሄደ፣ ሆዱን ሞልቶ መጣ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 29

የሃሎዊን ከረሜላ ቀን፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ጠራራ ይባል እንጂ በረዶ ሊጥል ምንም አልቀረው። ልዕልትና አጽም መስለው የለበሱት ልጆች ሁሉ ከላይ ካፖርት ደርበዋል።

ከርት መጣ። ሁለት ከረጢት ገዛ።

«ቀዝቀዝ ብሏል» አለ።

«ብሏል» አልኩ።

ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሎች መጡ። ብዙ አይደሉም… ግን መጡ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

የገናውም የሚቀጥለው ዓመትም የቦታ ማመልከቻ። «የሚመርጡት ቦታ» ይላል። «ከዋናውና ከወፍጮ መንገድ ጥግ በስተቀር የትም» ብዬ ጻፍኩ።

ድዊ አነበበው። «አበድሽ? ገበያው ያለው ጥጉ ላይ ነው!»

አውቃለሁ። ከሱ የተሻለ ቦታ በከተማዋ የለም። ግን ሰው በዓይኑ ሌላ ነገር እያየበት የሚያልፈው ጥግ ለሻጭ ምን ያደርጋል? ይሄ ስሌት ነው። ስሌት ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆናል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 20

የገናው ምደባ መጣ። ቦታዬ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ነው፣ ከተንቀሳቃሽ መጸዳጃዎቹ አጠገብ። የትም ብዬ የለ?

ስለሚቀጥለው ዓመት ግን ምንም የለም። ስብሰባው ነገ ነበር፣ ግን የአጋዘን አደን ወቅት ቅዳሜ ተከፍቶ የኮሚቴው ግማሽ ጫካ ነው። ድዊም እዚያው ነው፣ የአዳኝ ብርቱካናማ ኮቱን ለብሶ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያደባል። የስታዲየሙ ሰዎች ደወሉ። ቦታዬን ለሌላ ሊሰጡ ስለሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪን አሉ። ልንገራቸው? የምነግራቸው ነገር የለኝም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 2

የገና ገበያ። ከዜሮ በታች አምስት። በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል። ከመጸዳጃው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ድዊ እንዲያውም «ጥሩ ቦታ ነው፣ ሁሉም ተንፈስ ብሎ ነው የሚመጣልሽ» እያለ ሲቀልድ ዋለ።

አሥር ሰዓት ገደማ ማርሊስ መጣች። ከኋላዋ ከርት፣ ከሱ ኋላ አንዲት ወፍራም ሻርፕ ያጠለቀች ሴት። ማርሊስ ከረጢቱን ተቀበለች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ አንድ አፍ በላች። ረጅም ጊዜ አኘከች።

«ጨው በዝቶበታል።»

«ምን አሉ?»

«ጨው። ከጁላይ ጀምሮ ነው የበዛው። የልጅ ልጄ አንድ ከረጢት ገዝቶ ነበር፣ ቤት ወስደን ሁላችንም ቀመስነው።»

ድዊ አፉን ከፈተ። ከርት ቀደመው።

«እውነቷን ነው። በዝቷል።»

«ስኳሩም ያንሳል» አለች ሻርፓሟ ሴትዮ። ስሟን እንኳ አላውቅም።

«ከረጢቱም ሲከፈት ይቀደዳል» አለ ሌላው ከመጸዳጃው እየወጣ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ።

«ለሰልፉ እንዲህ አድርገሽ እንዳታመጪው» አለች ማርሊስ። «በጁላይ ሙቀት ላይ ይሄ ሁሉ ጨው ሰው ይገድላል።»

«ለየትኛው ሰልፍ?»

«ለሚቀጥለው ነዋ። አምስቱንም ሰጥተንሻል። ደብዳቤው ማክሰኞ ይደርስሻል፤ የሚጽፈው ከርት ስለሆነ ሐሙስ በዪው።»

ከረጢቷን እየበላች ሄደች። ስትሄድም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ነበር፣ ስለ ጨው።

ድዊ እስከ ማታ አኩርፏል። «በጨው ነው እንዴ ያልገዙን? ወይስ ግማሹ በወንበሩ፣ ግማሹ በጨው ነው?» ይላል። «አያፍሩም? ፊት ለፊት!» እኔ አልከፋኝም፤ መጮህማ ለዘመድ ነው ያለው እሱ ራሱ አይደል? ቤት ገብቼ ለስታዲየሙ ደወልኩ፣ ቦታውን ለሌላ ስጡት አልኩ። ከዚያ መለኪያ ማንኪያዎቹን አወጣሁ። ጨው በሩብ ቀንሷል።